በውሃ የተቀባ በር

ቀለም ቀቢ ነኝ። ከሚሴ ውስጥ የቀባሁትን በርና መስኮት አንድ ቦታ ቢሰበስቡት አንድ መንደር ይወጣዋል። የራሴ ቤት በሮች ግን ለብዙ ዓመት ሳይታደሱ ኖረዋል። ጎረቤቶች በዚህ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ባለቤቴ ግን አትቀልድም። ረመዳን ሲቃረብ "ዘንድሮስ?" ትለኛለች፤ እኔም "ኢንሻአላህ" እላለሁ። ከዚያ የሰው ሥራ ይመጣና የኛ ይቀራል።

የትንፋሽ ሕመም እንዳለባት ያወቅነው ዘግይተን ነው። ክረምት ላይ ስታስል ብርድ ነው ስንል፣ በጋ ላይ ስታስል የመንገዱ አቧራ ነው ስንል ከረምን። ቤታችን ከደሴው መንገድ ብዙ አይርቅም። የጭነት መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ ቀኑን ሙሉ ስለሚርመሰመስ በአቧራ ማሳበብ ቀላል ነበር። አንድ ቀን ልብስ እያጠበች ሳለ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። በባጃጅ ይዣት ወደ ሐኪም ሄድኩ።

መድኃኒት አስነፍተዋት ትንሽ ሻል ሲላት ሐኪሙ ቤት ውስጥ ምን ምን እንዳለ ይጠይቃት ጀመር። የማገዶ ጭስ አለ? ከሰል ታነጃለሽ? እሷ እየመለሰች እሱ የኔን ሱሪ ያይ ነበር። ጉልበቴ ላይ ነጭም፣ ቡናማም፣ አረንጓዴም ቀለም ደርቋል። ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስታጥብ የነበረው ልብስ የማን እንደሆነ ጠየቃት፤ የኔ ነበር። የቀለሙን ነጠብጣብ መጀመሪያ በቲነር አሽታ ነው በሳሙና የምታጥበው። ሐኪሙ ሕመሙ አስም እንደሆነ፣ የዘይት ቀለምና የቲነር ሽታ ለእንደሷ ዓይነት ሰው እንደማይሆን አስረዳን። አፍ ላይ የሚነፋ መድኃኒት ሰጥቷት ተመለስን።

በመንገድ ላይ እኔ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር። ማታ ከሥራ ስገባ እሷ የሆነ ዕቃ አንስታ ወደ ግቢ ትወጣለች። ሁልጊዜ ሥራ ያለባት ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ የቲነር ጀሪካኔን፣ የቀለም ጣሳዎቼንና ብሩሾቼን ከጓዳ አወጣሁ። ግቢው ጥግ ላይ በአሮጌ ቆርቆሮ ከለልኳቸው። የሥራ ልብሴን እዚያው ማውለቅ፣ ራሴ ማጠብ ጀመርኩ። ይኼ ቀላሉ ነው። ያስቸገረኝ የበሮቹ ነገር ነው። የዘይት ቀለም ሽታ ከተቀባ ቤት ቶሎ አይወጣም፤ ስለዚህ በዘይት ልቀባቸው አልችልም። እንደተላላጡ ልተዋቸውም አልፈለግኩም። ያንን ሁሉ ዓመት ጠብቃ አሁን "በአንቺ ሕመም ምክንያት አይቀባም" ልላት አልወደድኩም።

በእኛ ሙያ ግድግዳ በውሃ ቀለም፣ እንጨት በዘይት ቀለም ነው የሚቀባው። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው ቀልደኛ ነበርና፣ እንጨት በውሃ ቀለም የሚቀባ ሰው ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም አቀጠነ ይል ነበር። እኔም ይህንኑ ይዤ ኖሬያለሁ። ዘይት ቀለም ያበራል፣ ይጠነክራል፣ ልጅ በቆሸሸ እጁ ቢነካው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የግድግዳውን ውሃ ቀለም በር ላይ ብታደርገው በጥቂት ወር ውስጥ እጀታው ዙሪያ ይጠቁራል።

ደሴ ወጥቼ ዕቃ የምገዛበት ሱቅ ሄድኩና ነገሩን ለባለሱቁ አጫወትኩት። እሱም ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጣሳ አወረደልኝ። ለእንጨት ተብሎ የተሠራ፣ ግን በውሃ የሚቀጥንና ብሩሹም በውሃ የሚታጠብ ቀለም ነው። በአካባቢው ብዙ ሰው እንደማይወስደው ሳይደብቅ ነገረኝ። ከፍቶ አስሸተተኝ። ሽታ የለውም ለማለት ያስቸግራል፤ ግን አፍንጫ አይወጋም። ወስጄ መጣሁ።

መጀመሪያ የያዝኩት የመኝታ ቤታችንን በር ነው። ቤቱን የሸጠልን ሰው በአረንጓዴ ዘይት ቀለም ቀብቶት ነበር። አቧራውን በጨርቅ ጠርጌ፣ የተሰነጠቀውን በስቱኮ ሞልቼ፣ ክሬሙን ቀለም ቀባሁበት። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሳይሰገድ ደርቆ ነበር። ደስ ብሎኝ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። እሷም ወደደችው።

ጠዋት ስነሳ በሩ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። በጥፍሯ ጠርዙን ጫር አድርጋ የወጣውን ይዛ ስትስብ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላቀቀ ይመጣል። ከሥሩ አረንጓዴው እንደ ድሮው ያብለጨልጫል።

"ይኼ አልያዘም" አለችኝ።

አልያዘም ነበር። ዘይት ቀለም በዘይት ቀለም ላይ ሲሆን ትንሽ ስንፍና ቢኖርም ይሸፍናል። ውሃው ግን ለስላሳና ቅባት ያለው ነገር ላይ እግር መትከል አይችልም። ሁሉንም ፍቄ አወረድኩ። ከዚያ በሩን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠብኩት። እጀታው ዙሪያ የዓመታት የእጅ ቅባት ነበረበትና እዚያ ላይ ደጋግሜ አሸሁ። ሲደርቅ አረንጓዴው ብርሃኑን እስኪያጣ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ቀለሙን መላጥ አያስፈልግም፤ ማደብዘዝ ነው። በእጅ ሲዳሰስ እንደ ድመት ምላስ ሻከር ማለት አለበት። ብናኙ እንዳይነካት እሷን እህቷ ቤት ላክኋት። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ መነሻ ቀለም አድርጌ፣ ከዚያ ክሬሙን ቀባሁ። ባለቤቴ ተመልሳ መጥታ እንደገና በጥፍሯ ሞከረችው። ያዘ።

ቀጥሎ ሳሎኑ ውስጥ ያለው መስኮት ነበር። መቃኑ ከዋንዛ የተሠራ አዲስ እንጨት ነው፤ ቀለም አያውቅም። አናጢው በደንብ ልጎታልና እዚህስ ችግር የለም ብዬ ቀጥታ ቀባሁት። ሲደርቅ እጄን ባሳልፍበት የሁለት ቀን ጢም ሆኖ ጠበቀኝ። እንጨቱ ውሃውን ጠጥቶ ፀጉሩን አቁሟል። ምን አድርጌ እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ተቀመጥኩ። ዘይት ቀለም እንዲህ አያደርግም።

ባለቤቴ ዳሰሰችውና ሳቀች። እሷ ያደገችው ጨፋ ገጠር ነው። እናቷ አዲስ የእንጨት ገበታ ሲገዙ መጀመሪያ ውሃ ያጠጡትና ፀሐይ ላይ ያደርቁት እንደነበር ነገረችኝ። ሲደርቅ ፀጉር ያወጣል፤ ያንን በሻካራ ቅጠል ይፈገፍጉታል፤ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ተመልሶ አይቆምም። ሌላውን መስኮት ልክ እንደ ገበታው አደረግነው። በእርጥብ ጨርቅ አረጠብኩት፣ ሲደርቅ በደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት ወደ እንጨቱ መስመር ፈገፈግኩት፣ ከዚያ መነሻውን ቀባሁ። መነሻው ሲደርቅም አንድ ጊዜ ቀለል አድርጌ አለሰለስኩት። እንደ ቆዳ ለሰለሰ። የተበላሸውን የመጀመሪያውን መስኮት ለማስተካከል ግን ብዙ ፈግፍጌያለሁ።

እጄም እንደ አዲስ መማር ነበረበት። በዘይት ስትቀባ ጊዜ አለህ። ቀብተህ ትሄድና ተመልሰህ መጥተህ የብሩሹን መስመር ትደመስሳለህ፤ ቀለሙ ራሱም ተኝቶ ይስተካከላል። ውሃው አይጠብቅም። አንዴ ካስቀመጥከው ተወው ነው። ተመልሼ ልዳስሰው ስል ፊቱ መድረቅ ጀምሯልና እንደ ወተት ስልባቦት ይሸበሸብና ይቀደዳል። የድሮ ብሩሼም ከከብት ፀጉር የተሠራ ስለነበር ውሃ ጠጥቶ አበጠ፤ ዘንበል ብሎ እየተንጋደደ ቀለሙን መስመር በመስመር አደረገው። የናይለን ፀጉር ያለው ብሩሽ ገዛሁ። በአንዴ ወፍራም ከመቀባት ሁለት ሦስቴ ስስ አድርጎ መቀባት እንደሚሻልም ያወቅኩት ያኔ ነው። ባለቤቴ ከመስኮቱ ጎን ቆማ ብርሃኑ በጎን ሲመታው ታያለች፤ የብሩሹ መስመር የት እንዳለ፣ ቀለም የት እንደፈሰሰ ትነግረኛለች። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ የማላየውን እሷ ታየዋለች።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ ግቢ ውስጥ ብሩሽ እያጠብኩ ሳለ ባለቤቴ ልብስ ልትቀይር መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው። ያንን በር ሌላ ስስ እጅ ቀለም ጨምሬበት ነበር፤ ሲነኩት ደርቋል። ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ። በሩ እምቢ አለኝ አለች። ግፊው አልኳት። ገፋች። እኔም ከዚህ ሳብኩት። በሩና መቃኑ እንደ ሙጫ ተጣብቀዋል። ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከሥር ገና ልስልስ ነበር፤ የአየሩም እርጥበት አልረዳውም። ቀለም ከቀለም ጋር ሲገናኝ አንድ ሆኖ ቀርቷል።

ያን ጊዜ የሚነፋው መድኃኒቷ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ መሆኑን አየሁ። ከበሩ ወዲያ ትንፋሿ ሲያፏጭ ይሰማኛል። መድኃኒቱ ከኔ ጋር ነው አላልኳትም። መስኮቱን ክፈቺውና አጠገቡ ቁጭ በይ ብዬ ዞሬ ሮጥኩ፤ በመስኮቱ ብረት መሐል እጄን አስገብቼ መድኃኒቱን ሰጠኋት። ነፋችና ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ የወጥ ቤት ቢላ አምጥቼ በበሩና በመቃኑ መሐል ከላይ እስከ ታች አሳለፍኩ። በሩ ቀለሙን ከመቃኑ ላይ እየቀደደ ተከፈተ።

ወጥታ ሳሎን ተቀመጠች። ውሃ ሰጠኋት። እኔ የተቀደደውን ቀለም እያየሁ፣ ይኼ ነገር ይቅር፣ ፍቄ ባዶውን እተወዋለሁ አልኳት። ከልቤ ነበር። እንዲያውም ሁሉንም ነቅዬ መጋረጃ ልሰቅል አስቤ ነበር።

"እተወዋለሁ አትበል" አለችኝ፣ ትንፋሿ ሲመለስላት። "በዘይት ቢሆን እኮ ይህን ያህል ጊዜ እዚህ ቤት ውስጥ አልቀመጥም ነበር። አሁን አመሉን አወቅነው።"

አመሉ ይኼ ነው፦ ሲነኩት ቶሎ ይደርቃል፣ እስኪጠነክር ግን ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያ በሩ ገርበብ ብሎ መቆየት አለበት። የሚነካኩትን ጠርዞች ስስ አድርጌ ቀባሁ፤ ሲደርቁ እንዳይጣበቁ ሻማ አሸሁባቸው። የተቀደደውንም ጠገንኩ። እሷም እስኪጠነክር ድረስ ልብስ ስትቀይር በሩ ላይ ወንበር ታስደግፋለች እንጂ አትዘጋውም።

ወሬው ከቤት ወጣ። ባለቤቱ አስም የያዛት ቀቢ ሽታ የሌለው ቀለም አገኘ ተባለ። በበጋው አንድ የባቲ ከብት ነጋዴ፣ ሽማግሌ ሐጂ ናቸው፣ ከሚሴ ለጉዳይ መጥተው ቤቴን ጠይቀው መጡ። "አካም ጅርታ?" ብለው ሰላም ብለውኝ ገቡና ቀጥታ ወደ በሩ ሄዱ። ቁልፋቸውን አውጥተው ጠርዙን ጫሩት። ባለቤቴና እኔ ተያየን።

"በቢሻን ነው እንዲህ የሆነው? በውሃ?" አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። ልጃቸው ኮምቦልቻ ነው የተዳረችው፤ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት ትመጣለች። የምትተኛበትን ክፍል በርና መስኮት ማሳመር ይፈልጋሉ፤ ሚስታቸው ግን አራስ ቤት ውስጥ የቀለም ሽታ አላስገባም ብለዋል። ተስማማን።

ባቲ የሄድኩት ግንቦት ላይ ነው። ከአፋር በኩል የሚመጣው ነፋስ ደረቅና ሞቃት ነው፤ ክፍሉ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለውና ፀሐይ የሚመታው ነበር። ማጠቡን፣ መፈግፈጉን፣ መነሻውን በሥርዓቱ ጨረስኩ። ቀለሙን ስጀምር ግን ብሩሹ አልሄድ አለኝ። የበሩን አንድ ጎን ጨርሼ ወደ ሌላው ሳልፍ የመጀመሪያው ጠርዝ ደርቋል፤ በላዩ ሲደረብ መስመር ይወጣል። እሱን ለማጥፋት ስመለስ ይባስ ተበላሸ። ሐጂው ከቀትሩ የዙሁር ሶላት ተመልሰው መጥተው በሩን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"የከሚሴው እንዲህ አልነበረም" አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ያን ቀን የቀረውን ሰዓት የቀባሁትን መልሼ በመፈግፈግ አሳለፍኩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ሰግጄ ወዲያው ጀመርኩ። በሩን ከማጠፊያው ነቅዬ ጥላ ያለበት ኮሪደር ውስጥ በሁለት በርሜል ላይ አጋደምኩት። ወለሉን ውሃ ረጨሁ፤ አቧራውም እንዳይነሳ፣ አየሩም እንዲቀዘቅዝ። ቀለሙ ላይ ጥቂት ውሃ ጨመርኩ። መጀመሪያ የውስጡን ሳንቃዎች፣ ከዚያ አግድሞቹን፣ መጨረሻ ላይ ቋሚዎቹን ቀባሁና እጄን ሰበሰብኩ። ፀሐይዋ ሳትበረታ መስኮቱንም ጨምሬ ጨርሼ ነበር። ተኝቶ የተቀባ በር ቀለሙ አይፈስም፤ እንደ ረጋ ወተት ይተኛል።

ልጅቷ ግን ከታሰበው ቀን ቀድማ መጣች። በሩ በርሜል ላይ ተጋድሞ፣ ክፍሉ ክፍቱን እያለ ከሚኒባስ ወረደች። እናቷ ፊታቸው ጠቆረ። ልጄን በር በሌለው ክፍል ነው የማስተኛት? ብለው ሐጂውን ጠየቋቸው እንጂ እኔን አላናገሩኝም። ሐጂውም ወደኔ ዞሩ። ሌላ አንድ እጅ እንደቀረው፣ አሁን ብሰቅለው ግን የሁሉም ድካም ከንቱ እንደሚሆን ተናገርኩ። እናትየው መጋረጃ ሰቅለው ልጃቸውን አስገቡ። እኔ የምሠራው ከመጋረጃው ወዲህ፣ እነሱ የሚያወሩት ከመጋረጃው ወዲያ ሆነ። የመጨረሻውን እጅ በቀባሁበት ጠዋት ምጥ ያዛትና ሆስፒታል ወሰዷት።

ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ቆየሁ። ሥራ አልነበረኝም፤ መድረቁን መጠበቅ ብቻ ነው። ሐጂው ይደውላሉ፤ ስለ ምጡ ነግረውኝ ስለ በሩ ይጠይቁኛል። ማምሻውን ወንድ ልጅ ተወለደ፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ አልሃምዱሊላህ። እነሱ በማግስቱ ሲመለሱ እኔ በሩን ሰቅዬ የመጨረሻውን የማጠፊያ ብሎን እያጠበቅኩ ነበር። እናትየው ሕፃኑን አቅፈው በአጠገቤ አለፉ። ገብተው አፍንጫቸውን ቀና አድርገው አየሩን ሳቡት። ከዚያ አራሷን አስተኟት። ለኔ ምሳ ላኩልኝ፤ ትልቅ ምሳ ነበር።

ያ ቀን ሰኞ፣ የባቲ ገበያ ነበር። ባለቤቴ ከእህቷ ጋር ለገበያ መጥታ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ልትወስደኝ ወደ ሐጂው ቤት መጣች። እናትየው የቀቢው ሚስት መሆኗን ሲሰሙ ግቢ፣ አራሷን ጠይቂ ብለው እጇን ይዘው አስገቧት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ብሩሼን በባልዲ ውሃ ውስጥ እያጠብኩ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ ሥራዬን በጨረስኩበት ቀን በሰው ቤት የቀባሁት ክፍል ውስጥ ገብታ አታውቅም። እጄ ብሩሹ ላይ ይሁን እንጂ ጆሮዬ እዚያ ነበር። ሳል ጠበቅኩ። ሕፃኑን አንስታ ምርቃት ስታወርድ፣ የሴቶቹን ሳቅ፣ የአልጋውን መንቋቋት ሰማሁ። ብዙ ቆየች። ብሩሹ ከጠራ በኋላም ማጠቡን ቀጠልኩ።

ስንወጣ በሩ አጠገብ ቆም ብላ እንደ ልማዷ ከጎን አየችው። ኮምቦልቻ ላይ ሚኒባስ ቀይረን፣ ተሳፍረን፣ መኪናው ወደ ከሚሴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው የነገረችኝ። ከእጀታው በታች አንዲት የፈሰሰች ጠብታ አለች አለች። የለችም አልኳት። አለች አለች። ተኝቶ የተቀባ በር አይፈስም ብዬ አስረዳኋት። ለገበያ የሄዱ ሰዎች ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጡን ነበር።

ለሕፃኑ ልደት በሚታረድበት የአቂቃ ድግስ ተጠርተን ስንሄድ ጠብታዋን አየኋት፤ ነበረች። በሩ ተኝቶ ሳለ ሳይሆን፣ ከሰቀልኩት በኋላ እጀታውን ስገጥም ቀለም የነካካሁት ቦታ ላይ ነው የፈሰሰችው። በኪሴ በያዝኩት ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳትና እዚያው ከተረፈው ቀለም ትንሽ ነካ አደረግኩባት። ሐጂው አይተው ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ፤ ሚስቴ አዝዛኝ ነው አልኳቸው።

አሁንም የውጭ በርና የብረት ሥራ ሲመጣ በዘይት ቀለም እቀባለሁ፤ ሌላ አማራጭ የለኝም፤ ልብሴን ግን ግቢ ጥግ አወልቃለሁ። ለቤት ውስጥ እንጨት የሚመጣ ሰው ካለ ውሃውን እመክረዋለሁ። ግማሹ እሺ ይላል፤ ግማሹ የሚያብለጨልጭ ነገር ይፈልጋልና ወደ ሌላ ቀቢ ይሄዳል። የባለቤቴ ሕመም አልጠፋም። በብርድ ወራት ይነሳባታል፣ መድኃኒቱም ከቦርሳዋ አይለይም። ማታ ስገባ ግን ወደ ግቢ አትወጣም። ቁጭ ብላ ምን ቀባህ፣ ምን ዓይነት እንጨት ነበር፣ ብርሃኑ በየት በኩል ነው የሚገባው ብላ ትጠይቀኛለች።